ለዋንጫው ተብሎ የተላጠው ሜዳ

የአፍሪካ ዋንጫ ለሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ የመጣበትን የጥር ወር የሚያስታውሱ እኩዮቼ ሲገናኙ ወሬያቸው ያው ነው። ስታዲየሙ እንዴት ጢም ብሎ እንደሞላ፣ ጋናዎቹ ኳስ እንዴት እንደሚያንሸራሽሩ፣ የኮንጎዎቹ ጉልበት፣ የእኛ ልጆች በጭማሪ ሰዓት እንዴት እንደተረቱ። ሁሉም የየራሱን ትዝታ ያወጣል፤ ይሳቃል፤ «አይ ያ ጊዜ!» ይባላል። እኔ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው የማወራው አጥቼ አይደለም፤ አፌን ከከፈትኩ የሰውን ጨዋታ ስለማበላሽ ነው። በዚያ ዋንጫ ስም በኮልፌ ልጆች ላይ የተሠራውን ሥራ አውቃለሁ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎም ባሰብኩት ቁጥር ጥርሴን ያፋጨኛል።

የዚያን ጊዜ ኮልፌ ከተማም ገጠርም ነበረች። አውቶቡሱ ፌርማታው ጋ አራግፎን ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። ከሰፈራችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሰፊ ረግረግ ነበረ። ቤት እንዳይሠራበት ይሰምጣል፤ እንዳይታረስ ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እኛ አየነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ቦይ ቆፍረን ውሃውን ወደ ወንዙ አወረድን። ድንጋዩን እየለቀምን በጀርባችን ተሸክመን ጣልን፤ ጉድጓዱን ደለደልን። እጃችን ውሃ እየቋጠረ፣ ከሥራ መልስ፣ እየተሳሳቅን ነው የሠራነው። ሲያልቅ ግን ሳቃችንን ትተን ዳር ላይ ቆመን አየነው። ሜዳ ሆኖ ነበር።

ሳሩን እኛ አልዘራነውም፤ ራሱ መጣ። ከበላዩ ምንጭ ስለነበረው የሌላው ሰፈር ሜዳ በበጋ ሲከስል የእኛው እንደ ቄጤማ ይለመልማል። ከመርካቶ፣ ከጉለሌ፣ ከሳንሱሲ የሚመጡ ቡድኖች መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግር መርገጥ ነበር። «እናንተ ምን አለባችሁ! ፍራሽ ላይ እኮ ነው የምትጫወቱት» ይሉናል። እውነታቸውን ነበር።

የሜዳው አባት ሐጂ ነበሩ። በሰፈሩ ሐጂ የሚባሉ ሌሎችም ነበሩ፤ እኛ ግን ሐጂ ስንል እህል ነጋዴውን ማለታችን ነው። ኳስ መትተው አያውቁም። የጨዋታውን ሕግም በቅጡ አልያዙትም፤ ኦፍሳይድ ሲነፋ «ይሄ ዳኛ ደግሞ በጎል ይቀናል እንዴ?» እያሉ ይነጫነጩ ነበር። ግን ማሊያውን የገዙልን እሳቸው ናቸው። በክረምት ከብት እንዳይገባበት እሾህ ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው። ለእሑድ ጨዋታ መስመር የምናሰምርበትን ኖራም ከመደብራቸው እየላኩ ይሰጡን ነበር። ኖራውን ወፈር አድርገን እየበጠበጥን ስለምናፈስ ሳሩን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ መስመሩ ዝናብ ቢወርድበትም አይጠፋም። ከላይ ከዳገቱ ሲያዩት ሜዳው በነጭ ክር የተጠለፈ አረንጓዴ ጨርቅ ይመስላል። ይህን የምለው ሙያዬ ሆኖብኝ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ በቡድኑ ደግሞ የግራ ተከላካይ።

አምበላችን በረኛው ነበር። ግንበኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ ይውልና ሥራ ሲፈታ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ረጅም፣ ቀጭን፣ መዳፉ ሰፋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ሲወረወር ግን ሌላ ሰው ነው። አጥንቱን የረሳ ይመስል ከግራ ወደ ቀኝ ተንሳፍፎ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ከሳሩ ድምፅ አይሰማም። እኛ ተከላካዮቹ ተማምነንበት እንሰንፍ ነበር፤ እሱም አይቆጣንም። በቡድናችን ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ዶርዜው፣ አማራው ድብልቅልቅ ያለ ነበር። ዓርብ ከስግደት በፊት፣ እሑድም ከቅዳሴ በፊት ጨዋታ አይያዝም። ይህን ማንም ደንብ ብሎ አላወጣውም፤ እንዲሁ የታወቀ ነበር።

ገና ሊደርስ ሰሞን ነው። ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዱ የቡድናችን ልጅ እያለከለከ ገባ።

«ሜዳውን እየላጡት ነው!»

«እነማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ካሚዮን ይዘው መጥተዋል!»

መቀሴን እንደያዝኩ ወረድኩ። ሁለት ካሚዮን ጎሉ አጠገብ ቆሟል። የቀን ሠራተኞች በአካፋ ሳሩን ከነአፈሩ እንደ ዳቦ አራት ማዕዘን እየቆረጡ ያነሳሉ፤ ስንዝር የሚሆን አፈር አብሮ ይነሳል። ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ሳሩ እንዳይበተን ሥሩን ጠብቀው ነው የሚቆርጡት። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያዛል። አምበላችን ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ሐጂም ከኋላዬ በችኮላ ወረዱ።

«ምንድን ነው ነገሩ ልጄ?» አሉት ሰውዬውን።

መነጽሩን አውልቆ በትሕትና ሰላምታ ሰጣቸው። ይህ ነው የሚያበሳጨኝ፤ ትሑት ነበር። «አባባ፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ነው። ሌላው ሳር ሁሉ ደርቋል። በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ሳር የተገኘው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

«ልጆቹ የሚጫወቱበት እኮ ነው።»

«ይገባኛል። ግን አገር እንግዳ አለባት። ስንት አገር ነው የሚመጣው! የእኛ ተጫዋቾች በእናንተ ሳር ላይ ጎል ሲያገቡ ኮልፌም አገባች ማለት አይደለም? ዋንጫው እንዳለቀ ደግሞ ጥቁር አፈር አምጥተን፣ ሳር ዘርተን፣ ከነበረው አሳምረን እንመልስላችኋለን። እኔ ራሴ ነኝ የምመጣው።»

ሐጂ አምበላችንን አዩት። አምበላችን ሳሩን አየ። «ለብሔራዊ ቡድኑ ከሆነ...» አለ።

«ለሌላ ለማን ይሆናል?» አለ ሰውዬው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ነው ደሜ የሚፈላው። ረዳናቸው። አዎ፣ በእጃችን! ሠራተኞቹ አንሰዋል፣ ፀሐይ ሳይበረታበት ሳሩ መድረስ አለበት ሲባል አምበላችን ሸሚዙን አውልቆ ገባ፤ እኛም ተከትለን ገባን። በገዛ እጃችን የደለደልነውን ሜዳ በገዛ እጃችን እያነሳን ካሚዮን ላይ ደረደርነው። ሐጂ ለሠራተኞቹ ዳቦና ሻይ አስመጡላቸው። ሙሽራ እንደሚሸኝ ሰው ነበርን። መኪናዎቹ ዳገቱን ሲወጡ አንዱ ልጅ እልል አለ፤ ማንም አልሳቀበትም።

ዋንጫው ተጀመረ። በሥራ ቀን መደብራቸውን ዘግተው የማያውቁት ሐጂ ለግማሽ ፍጻሜው ዘጉ። ሁላችንም ተሰብስበን ወረድን፤ ፀሐይ በሚመታው ወገን ተጠጋግተን ቆምን። ሰው ጨዋታውን ሲያይ እኛ ሳር እናያለን።

«ያ ወደ ኮርነሩ ያለው የኛ ነው» ይላል አንዱ።

«የት! የኛ እንደዚያ ቢጫ አይልም» ይላል ሌላው።

አምበላችን እጁን ግንባሩ ላይ ጥሎ ብዙ ካየ በኋላ፣ «ከወዲያኛው ጎል ፊት ያለው ነው የኛ። በረኛው ሲወድቅ አይታችሁታል? ምንም አልሆነም እኮ» አለ። ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሐጂ አጠገባቸው ለቆመ ለማያውቁት ሰው ሁሉ «ሳሩ ከኮልፌ ነው የመጣው» እያሉ ይነግሩ ነበር። አንዳንዱ ያሾፋል፤ አንዳንዱ «አላህ ይስጥልን አባባ» ይላቸዋል።

በጭማሪ ሰዓት ተሸነፍን። አምበላችን አለቀሰ። ወደ ኮልፌ በእግራችን ስንመለስ ሐጂ መንገድ መሃል ላይ ቆም ብለው፣ «የኛ ድርሻ ግን አላሳፈረንም» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን። እንግዲህ እንዲህ ነበር ያታለሉን። ኪሳችን ገብተው ቢሆን ኖሮ ይሻለን ነበር። የገቡት ሰው አገሩን የሚወድበት ቦታ ውስጥ ነው።

ዋንጫው አለቀ፤ እንግዶቹ ሄዱ፤ እኛ ጠበቅን። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። የተላጠው ሜዳ ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጠቀ፤ ከሥሩ ያልለቀምነው ጠጠርና ሹል ድንጋይ ብቅ ብቅ አለ። ሙሉ ልብስ የለበሰው ሰውዬ አልመጣም። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ቦዩ በአፈር ተደፍኖ ሜዳው ኩሬ ሆነ። ለሁለት ክረምት የታገልነው ውሃ ተመልሶ ተኛበት።

ሐጂ እግራቸው እስኪያብጥ ተመላለሱ። የሄዱበትን ቢሮ ሁሉ አልዘረዝርም፤ የሁሉም መልስ አንድ ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ይምጡ። ይህ እኛን አይመለከትም። አንዱማ «ሳር?» ብሎ ጓደኛውን ጠርቶ አስቆበታል። ሰውዬውን በመልክ እንጂ በስም የሚያውቀው አልተገኘም። በመጨረሻ ሐጂ በቀጥታ ስታዲየሙ ሄደው ሳር የሚያጠጣውን ሽማግሌ ፈልገው አገኙ።

ማታውኑ ልብስ መስፊያዬ መጥተው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን አሉዎት ሐጂ?»

«ሳር ከየትም አልመጣልንም አለኝ። አንዲት ቁራጭ አልመጣችም። እኔ ነኝ ያጠጣሁት፣ ያው የድሮው ሳር ነው አለኝ።»

«ተሳስቶ ይሆናል።»

«ሰው ያሳደገውን ነገር ይሳሳታል?»

አምበላችንም ነበር። ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ እግሩን ያይ ነበር። ያንን ሳር በስታዲየሙ አይቻለሁ ያለው እሱ ነው፤ ከወዲያኛው ጎል ፊት። ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔ የተናደድኩት ያኔ ነው፤ በሳሩ አልነበረም። ያን የመሰለ ሰው እንዲያፍር ስላደረጉት ነው።

እውነቱን ያመጣልን ከካሚዮኖቹ የአንደኛው ሾፌር ነው። የሰፈራችን ሰው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲሸሸን የከረመ፣ ጴንጤ ሆኗል እየተባለ በየደጁ የሚታማ፣ ሰላምታው ረዘም ያለ፣ ጨዋ ጎልማሳ። ሱሪ ይዞ መጣ፤ ሱሪው ግን ምንም አልሆነም ነበር። አገላብጬ አየሁትና «ምኑን ልስፋልህ?» አልኩት።

«ምንም» አለ። በሩን መለስ አደረገው። «ልነግርህ ነው የመጣሁት። ለጸሎት ስንበረከክ የሚመጣብኝ የእናንተ ሜዳ ነው፤ እንቅልፍ አጣሁ። ሳሩ ስታዲየም አልሄደም። ወደ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ነው የወሰድነው፤ አንድ ትልቅ ሰው ቪላ። እንግዶችን የሚጋብዙበት ግቢ ውስጥ ነው ያወረድነው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። እኔም ለዋንጫው ነው ብለውኝ ነው የጫንኩት። ስደርስ ነው ያየሁት።» ቀጥሎ የቪላውን አቅጣጫ ነገረኝ። «ስሜን አትጥሩ፤ ሥራዬን አጣለሁ» አለና ሱሪውን ሳይወስድ ሊወጣ ሲል ጠርቼ ሰጠሁት።

በማግስቱ ሦስታችን ሄድን፤ ሐጂ፣ አምበላችንና እኔ። ሐጂ ለዒድ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ ለበሱ። ለጠብ አልሄድንም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ሐጂ መንገድ ላይ ሲመክሩን «ሳሩን መልስ አንለውም፤ አፈር ያምጣልን፣ ዘር ያምጣልን፣ እንደ ቃሉ» ነበር ያሉት።

ቪላው በድንጋይ አጥር የታጠረ ነው። አምበላችን አጥሩን በእጁ ዳሰስ አደረገ፤ የሙያ ልማድ ነው። ትልቁ በር ገርበብ ብሏል፤ አትክልተኛው በጎማ ውሃ ያጠጣል። በክፍተቱ አጮልቀን አየን።

ሳራችን ነበር። እንዴት አወቃችሁ የሚለኝ ሰው አለ፤ ኖራው ነዋ! ያቃጠልነው መስመር እንዳለ ነበር። ቁርጥራጩን ሲያነጥፉ ማን ይጨነቅለታል? የመሃል ሜዳው ክብ ቁራጭ ከጽጌረዳው ሥር ተጋድሟል። የጎሉ መስመር ተቆራርጦ አንዱ ወደ በረንዳው፣ አንዱ ወደ መኪና ማቆሚያው ዞሯል። ፍጹም ቅጣት ምት የምንመታበት ነጭ ነጥብ አንድ የብረት ወንበር እግር አጠገብ ነበር። ሜዳችን ተቆራርጦ እንደ ተበላሸ ልብስ በየአቅጣጫው ተሰፍቷል። አምበላችን በሩ ላይ የነበረውን ዘበኛ እንደማያይ ሆኖ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ነጥቡን በመዳፉ ነካ።

ዘበኛው ጮኸ። ከበረንዳው ላይ ሰዎች ብርጭቆ እንደያዙ ዞሩ። ጋባዡ ወፍራም፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያስፈልገው ዓይነት ሰው ነበር። ከኋላው ደግሞ ያ ሙሉ ልብስ የለበሰው ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወደ ሌላ ዞረ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ ባለቤቱ።

ሐጂ ወደፊት ራመድ ብለው እጅ ነሱ። «ጌታዬ፣ ከኮልፌ ነው የመጣነው። ይህ ሳር የልጆቹ ሜዳ ነበር። ለዋንጫው ነው ብለው የወሰዱት እኚህ ናቸው» ብለው በእጃቸው ሰውዬውን አመለከቱ።

«ታዲያ ዋሹህ? አንተ ዋንጫው ኳስ ብቻ ይመስልሃል? እንግዶቹ የተጋበዙት እዚህ ነው። እዚህ ሳር ላይ ነው ቆመው አገራችንን ያደነቁት።»

«አንተ» አላቸው። ሐጂ በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ። ኮልፌ ውስጥ ሰካራም እንኳ ሐጂን አንተ ብሎ አያውቅም። አምበላችን ካጎነበሰበት ቀና አለ።

ሐጂ ግን ድምፃቸው አልተለወጠም። «ቃል ገብተውልን ነበር። አፈርና ዘር...»

«ሳር አይደለም እንዴ? ይበቅላል።»

«ሳሩማ ይበቅል ነበር ጌታዬ። አፈሩን አብረው ወሰዱት እንጂ።»

አንድ የውጭ አገር ሰው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ባለቤቱ በእነሱ ቋንቋ አንድ ነገር ነገረው፤ በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ያቺን ሳቅ ዛሬም እሰማታለሁ። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገኝም። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ስለ ልጆች የሚለምኑ ሽማግሌ ላይ ነው የሳቁት።

ባለቤቱ ሳቁ ሲበርድ ወደ አሽከሩ ዞረ። «ከተረፉት ኳሶች ሁለት ስጣቸው፤ ይሂዱ።»

አሽከሩ ሁለት አዳዲስ ኳሶች ይዞ መጣ። እውነተኛ የቆዳ ኳሶች፤ ገና የፋብሪካ ሽታ ያላቸው፤ እንዲህ ያለ ኳስ ነክተን አናውቅም። አሽከሩ ወደ አምበላችን ዘረጋቸው። አምበላችን እጁን ወደ ኋላ አደረገ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው፤ ያውም ለአሽከሩ፤ «ወንድሜ፣ ለአንተ ልጆች ይሁን» አለው። ከዚያ ሐጂን ክንዳቸውን ያዘና ወጣን።

በነጋታው ፖሊስ መጥቶ አምበላችንን ከሚሠራበት ግንብ ላይ አውርዶ ወሰደው። የሰው ግቢ ደፍረሃል፤ ትልቅ ሰው ተሳድበሃል ነው የተባለው። አፉን ያልከፈተው ሰው! እኔ ብሳደብ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። ሐጂን አልነኳቸውም፤ እኔንም አልነኩኝም። እሱን የመረጡት ዘበኛውን አልፎ የገባው እሱ ስለሆነ ነው፤ ወይም ረጅም ስለሆነ፤ ወይም ኳሱን ስላልተቀበለ። ሐጂ ዋስ ሆነው እስኪያስፈቱት ድረስ ብዙ ቀን አደረ። ሲወጣ ከስቶ ነበር። በር ላይ ስቀበለው የጠየቀኝ ነገር፣ «ቦዩን ጠረጋችሁት?» ነው።

ጠረግነው። ክረምቱ ሲያልፍ ሐጂ በጋሪ አፈር አስመጡልን፤ ከወንዙ ማዶ የቆረጥነውን ሳር በየመሃሉ ተከልን። አልያዘም። ላይ ላዩን ለምልሞ ከሥሩ ተነቅሎ ይሄዳል። ቢሆንም ሌላ ሜዳ አልነበረንም። በበጋው የሳንሱሲ ልጆችን ጠርተን ገጠምን። አቧራው ተጫዋቹን ከተመልካቹ አይለይም ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በእኔ በኩል አንዱ አጥቂያቸው አምልጦ መታ። ኳሷ ወደ ጥግ ነበረች። አምበላችን ድሮ እንደሚወረወረው ተወረወረ፤ ሰውነቱ ሳሩ ያለ መስሎታል። አወጣት። የአወዳደቁ ድምፅ ግን እኔ ጋ ድረስ ተሰማኝ። ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር፤ ከሥሩ የወጣ ሹል ድንጋይ ነው ያገኘው። ወጌሻ አሸው፤ በቀርከሃ ታሰረ፤ ሲፈታ ጠምሞ ቀረ። መዶሻ ሲጨብጥ ጣቶቹ አይዘጉም። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ አልጠረበም።

«ሳር አይደለም እንዴ?» ነበር ያለው ሰውዬው።

ሐጂ እህል መደብራቸው ውስጥ ሥራ ሰጡት። ሚዛን ላይ ይቆማል፤ በግራ እጁ ነገሩን ሁሉ ይሠራል። ቡድኑ ያንን ዓመት ዘነበወርቅ በኩል የሰው ሜዳ እየለመነ ተጫወተ፤ ከዚያ አንዱ በሥራ፣ አንዱ በትዳር እያለ ተበተነ። የእኛ ሜዳ እንደገና ረግረግ ሆነ። በኋላ ለውጥ ሲመጣ ቪላውም ተወረሰ፣ ባለቤቱም ታሰረ ሲባል ሰማሁ። ሰዎች «አየህ፣ ተፈረደላችሁ» አሉኝ። የቱ ፍርድ? የሰውዬው መታሰር የማንን አንጓ አቀና? እሱን ያሰሩት እኮ በእኛ ሜዳ ምክንያት አይደለም። ስለ እኛ የጠየቀው ሰው የለም፤ እስከ ዛሬም የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። እጁ ከተሰበረ በኋላ፣ ዋንጫው በሌላ አገር ሲደረግ፣ የሐጂ መደብር ውስጥ ሬዲዮ ከፍተን እንሰማ ነበር። ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠናል። ብሔራዊ ቡድናችን ጎል በጎል ላይ እየተቆጠረበት ነው። እኔ ምን ልደብቅ፣ «የታባታቸው! ይበላቸው!» አልኩ።

አምበላችን በግራ እጁ ሬዲዮውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና በቁጣ አየኝ። በዚያ ሁሉ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም።

«ልጆቹ ምን አደረጉህ? እነሱ ናቸው ሳርህን የወሰዱት?»

«በእነሱ ስም ነው የተወሰደው!»

«በእነሱ ስም የሰረቀው ሌላ ነው።»

«አንተ አትናደድም እንዴ?» ጮኽኩበት። «እጅህን ተመልከተው እስቲ! እንዴት ነው የማትናደደው?»

እጁን አላየውም። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ።

«አንተ ተናደድልኝ» አለ፤ «እኔ ጨዋታውን ልስማበት።»